ትሬድ ማስጀመርና ዳታ ማቀበል በጃቫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተመሠረቱት በጃቫ ላይ ነው፤ ሌሎች ቋንቋዎች በምን እንደሚለዩ አንድ ጥያቄ ተለይቶ ተሰጥቶታል።

ትሬድ ምንድን ነው? ከፕሮሰስ የሚለየውስ በምንድን ነው?

አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰስ ይከፍትለታል፤ ፕሮሰሱም ሌሎች ፕሮሰሶች የማይነኩት የራሱ የሜሞሪ ክልል ይኖረዋል። ትሬድ በዚያ ፕሮሰስ ውስጥ ትእዛዞችን በተርታ እየፈጸመ የሚሄድ አንድ የሥራ መስመር ነው። ማንኛውም የጃቫ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ትሬድ አለው፤ እርሱም ሜን የተባለውን ሜተድ የሚያስኬደው ዋናው ትሬድ ነው።

በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶች ኦብጀክቶች የሚቀመጡበትን ሂፕ የተባለ የሜሞሪ ክፍል በጋራ ይጠቀሙበታል። በየሜተዱ ውስጥ የሚታወጁት ተለዋዋጮች የሚቀመጡበት ስታክ ግን ለእያንዳንዱ ትሬድ የግሉ ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈልቁት ከዚህ ልዩነት ስለሆነ፣ አንድን ተለዋዋጭ ባዩ ቁጥር «ይህ የጋራ ነው ወይስ የግል?» ብሎ መጠየቅን ገና ከጅምሩ ልማድ ማድረግ ይጠቅማል።

ትሬድ የሚጀመረው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ረነብል የተባለውን ኢንተርፌስ የሚተገብር ክላስ ይጻፋል፤ ኢንተርፌሱ የሚጠይቀው ረን የሚባል አንድ ሜተድ ብቻ ሲሆን፣ ትሬዱ እንዲሠራ የሚፈለገው ሥራ በዚያ ውስጥ ይሰፍራል። ቀጥሎ ከዚያ ክላስ አንድ ኦብጀክት ይፈጠርና ትሬድ ለተባለው ክላስ ኮንስትራክተር (ኦብጀክት ሲፈጠር ለሚሠራው ኮድ) ይሰጣል። በመጨረሻም በተገኘው የትሬድ ኦብጀክት ላይ ስታርት ይጠራል።

ስታርት አዲስ የሥራ መስመር እንዲከፈት ጠይቆ ወዲያው ይመለሳል፤ ሥራው እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጠሪውና ተጠሪው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሲሆን፣ ማን እንደሚቀድም ቋንቋው ምንም ቃል አይገባም። ዛሬ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ ዋናው ትሬድ ቀድሞ ቢያትም፣ ነገ በሰርቨሩ ላይ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል። አንድን የትሬድ ኦብጀክት ሁለት ጊዜ ማስጀመርም አይቻልም፤ ሁለተኛው የስታርት ጥሪ ኢሊጋል ትሬድ ስቴት ኤክሴፕሽን የተባለ የስህተት ምልክት ያስነሳል።

በስታርት ፈንታ ረንን በቀጥታ ብጠራስ?

ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ይሠራል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ረን እንደ ማንኛውም ሜተድ በጠሪው ትሬድ ላይ ይፈጸማል፣ አዲስ ትሬድ አይከፈትም፣ ውጤቱም ትክክል ስለሚሆን ስህተቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ እንደተጠበቀው ባለመፍጠኑ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ረን ውስጥ የአሁኑን ትሬድ ስም ማሳተም ይበቃል፦ «ሜን» ብሎ ካተመ ስታርት አልተጠራም ማለት ነው።

ረን ምንም ግብዓት አይቀበልም። ታዲያ ዳታውን በምን በኩል ላቀብል?

በኦብጀክቱ በኩል። ረን ባዶ ቅንፍ ይዞ የተሠራው በስህተት አይደለም፤ በኦብጀክት ኦሪየንትድ አስተሳሰብ ሥራው ራሱ ኦብጀክት ስለሆነ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ዳታ በዚያው ኦብጀክት ፊልዶች (የኦብጀክቱ የራሱ በሆኑ ተለዋዋጮች) ውስጥ ይቀመጣል። ልጅ ሱቅ ሲላክ ገንዘቡና የሚገዛው ነገር የተጻፈበት ወረቀት ከበር ሳይወጣ በእጁ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ትሬዱም ስንቁን የሚይዘው ከስታርት በፊት በኮንስትራክተሩ አማካይነት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለ3,000 ወላጆች አጭር የስልክ መልእክት ይልካል እንበል። «መልእክት ላኪ» የሚባል ክላስ እንጽፋለን፤ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝርና የመልእክቱ ጽሑፍ የሚቀመጡባቸው ሁለት ፊልዶች ይኖሩታል፤ ሁለቱም በፋይናል (አንዴ ከተሞሉ የማይቀየሩ ተብለው) ይታወጃሉ፤ ሁለቱንም ኮንስትራክተሩ ይሞላቸዋል፤ ረን ደግሞ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እየተከተለ ይልካል። ከዚህ ክላስ ሦስት ኦብጀክት ፈጥረን ለእያንዳንዱ 1,000 ቁጥር ብንሰጠው፣ አንድ ኮድ በሦስት ትሬድ በሦስት የተለያየ ዳታ ይሠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ለኮንስትራክተሩ የሚደርሰው የዝርዝሩ ቅጂ ሳይሆን ዝርዝሩ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ሪፈረንስ ነው። ፕሮግራመሩ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የመጀመሪያውን ትሬድ ካስጀመረ በኋላ ያንኑ ዝርዝር አጽድቶ በቀጣዮቹ 1,000 ቁጥሮች ቢሞላው፣ የመጀመሪያው ትሬድ እያነበበ ያለው ዝርዝር ከሥሩ ይለወጥበታል። ዕድል ከቀናው ትሬዱ በኤክሴፕሽን ይቆማል። ካልቀናው ግን ከፊሉ ወላጅ መልእክቱ ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል፣ ከፊሉ ጨርሶ አይደርሰውም፣ የስህተት ምልክትም በየትም አይታይም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኮንስትራክተሩ ውስጥ የዝርዝሩን ቅጂ መያዝ። በ2018 ከወጣው ጃቫ 10 ወዲህ ሊስት ኮፒ ኦፍ የሚባለው ሜተድ ሊለወጥ የማይችል ቅጂ ስለሚሰጥ ለዚህ ተስማሚ ነው። ሆኖም የሚቀዳው ዝርዝሩ እንጂ በውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች አይደሉም። የስልክ ቁጥሮቹ ስትሪንግ ከሆኑ ስትሪንግ ስለማይለወጥ ሥጋት የለም፤ ሊለወጡ የሚችሉ የ«ወላጅ» ኦብጀክቶች ከሆኑ ግን ትሬዱ እስኪጨርስ ማንም እንዳይነካቸው ማድረግ የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው።

ትሬድ የተባለውን ክላስ ልውረስ ወይስ ረነብልን ልተግብር?

ረነብልን ይተግብሩ። በጃቫ አንድ ክላስ መውረስ የሚችለው አንድ ክላስ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ብቸኛ ዕድል ለትሬድ መስጠት ያለ ምክንያት እጅን ማሰር ነው። ከዚህም በላይ «መልእክት ላኪ» ሥራ ነው፣ ትሬድ ደግሞ ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱ ከተለያዩ ያንኑ ሥራ ነገ ለትሬድ ፑል (ተዘጋጅተው ሥራ ለሚጠብቁ ትሬዶች ስብስብ) ማስረከብ ወይም በቴስት ውስጥ ያለ ትሬድ ማስኬድ ይቻላል።

ላምዳ ስጠቀም ኮምፓይለሩ ተለዋዋጩ ፋይናል መሆን አለበት ይለኛል። ለምን?

በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ጀምሮ ለአጭር ሥራ ክላስ መጻፍ ሳያስፈልግ ሥራውን በላምዳ (ስም በሌለው አጭር ፈንክሽን) ማቀበል ይቻላል፤ ላምዳውም በዙሪያው ያሉትን ተለዋዋጮች ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን የሜተዱ ተለዋዋጮች በጠሪው ትሬድ ስታክ ላይ ያሉ ስለሆኑ ሜተዱ ሲያልቅ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ላምዳው የሚይዘው የዋጋቸውን ቅጂ ነው። ዋናው ከተቀዳ በኋላ እንዲለወጥ ቢፈቀድ ሁለቱ ስለሚለያዩ፣ ጃቫ ነገሩን ከሥሩ ዘግቶታል፦ አንዴ ዋጋ ከተሰጠው በኋላ የተለወጠ ተለዋዋጭ ወደ ላምዳ አይገባም።

ሉፕ ውስጥ ያለውን ቆጣሪ ማቀበል ለሚፈልግ፣ ሉፑ ውስጥ አዲስ ተለዋዋጭ አውጆ የቆጣሪውን ዋጋ ወደዚያ መገልበጥ በቂ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ያለው አሬይ ሠርቶ ክልከላውን ማለፍ ይቻላል የሚል ምክር በየቦታው ይታያል፤ ኮምፓይለሩ በእርግጥ ዝም ይላል፣ ነገር ግን ክልከላው ሊያድነን የሞከረውን ችግር በገዛ እጅ ወደ ቤት ማስገባት ይሆናል።

በፓይተን፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በሲ ሻርፕም እንዲሁ ነው?

ፓይተን ፈንክሽኑንና የሚሰጡትን ዋጋዎች ለየብቻ ይቀበላል፤ ስለዚህ ለአንድ ትንሽ ሥራ ክላስ መጻፍ አያስፈልግም። ሁለት ስህተቶች ግን ይደጋገማሉ። አንደኛው የፈንክሽኑን ስም ከነቅንፉ መስጠት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ፈንክሽኑ በዋናው ትሬድ ላይ ተፈጽሞ ትሬዱ ባዶውን ይቀራል፤ ሁለተኛው አንድ ዋጋ ብቻ ያለበትን ቱፕል (በቅንፍ የሚጻፍ የዋጋዎች ዝርዝር) ያለ ኮማ መጻፍ ነው። በሉፕ ውስጥ የሚፈጠር የፓይተን ላምዳ የሚይዘው የቆጣሪውን ዋጋ ሳይሆን ተለዋዋጩን ራሱን ስለሆነ፣ ትሬዱ ዘግይቶ ሲያነበው ቆጣሪው ወደ ሌላ ቁጥር አልፎ ሊያገኘው ይችላል።

በ2011 በወጣው የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ የገባው ትሬድ የሚሰጡትን ዋጋዎች ይቀዳል፤ ሪፈረንስ ለማቀበል በግልጽ መጠየቅ ያሻል፣ ጆይን (እስኪጨርስ መጠበቅ) ወይም ዲታች (በራሱ እንዲሄድ መልቀቅ) ሳይደረግ የሚፈርስ ትሬድም ፕሮግራሙን በሙሉ ያቋርጠዋል። በሲ ሻርፕ የፎርኢች ሉፕ ተለዋዋጭ በየዙሩ አዲስ እንዲሆን የተደረገው በ2012 በወጣው አምስተኛው እትም ነው፤ በተራው የፎር ሉፕ ላይ ግን አሁንም የቆጣሪውን ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል።

ትሬዱ ያገኘውን ውጤት እንዴት ልረከብ?

ረን ምንም አይመልስም። የቆየው መንገድ ውጤቱን በሥራው ኦብጀክት ፊልድ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በትሬዱ ላይ ጆይን ጠርቶ እስኪጨርስ መጠበቅና ፊልዱን ማንበብ ነው። ጆይን ከተመለሰ በኋላ ትሬዱ የጻፈው ሁሉ ለጠባቂው እንደሚታይ የቋንቋው ደንብ ያረጋግጣል፤ ጆይን ሳይጠራ ማንበብ ግን ገና ያልተሞላ ዋጋ ማንሳት ሊሆን ይችላል።

በ2004 ከወጣው ጃቫ 5 ወዲህ የተሻለ መንገድ አለ። ኮለብል የተባለው ኢንተርፌስ እንደ ረነብል ሆኖ ዋጋ ይመልሳል፣ ኤክሴፕሽንም እንዲያስነሳ ይፈቀድለታል። ሥራዎችን ተቀብሎ በትሬድ ፑል ለሚያስኬደው ኤግዚኪውተር ሰርቪስ ሲሰጥ ወዲያው ፊውቸር የሚባል ኦብጀክት ይመለሳል፤ ይህን እንደ ልብስ ስፌት ቤት ደረሰኝ መቁጠር ይቻላል። ጌት ተብሎ ሲጠየቅ ሥራው ካለቀ ውጤቱን ይሰጣል፣ ካላለቀ ጠያቂውን ያስጠብቃል።

ትሬዱ ሥራ ከጀመረ በኋላስ ተጨማሪ ዳታ ማቀበል ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን ፊልዱን ከውጭ በሴተር መለወጥ መንገዱ አይደለም። ዋናው ትሬድ ከስታርት በፊት የጻፈው ሁሉ ለአዲሱ ትሬድ እንደሚታይ ጃቫ ዋስትና ይሰጣል፤ ከስታርት በኋላ ለሚጻፈው ግን ተለይቶ ካልተጠየቀ በቀር ዋስትና የለም። «ቁም» የሚል የእውነት ወይም የሐሰት ፊልድ እያየ የሚዞር ሉፕ እናስብ። ኮምፓይለሩ ፊልዱን በሉፑ ውስጥ የሚለውጠው እንደሌለ አይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነበው ስለሚፈቀድለት፣ ዋናው ትሬድ ዋጋውን ቢለውጠውም ሉፑ ለዘላለም ሊዞር ይችላል። ፊልዱ ቮላታይል ተብሎ ከታወጀ ግን ለውጡ ይታያል።

ለምልክት ቮላታይል ይበቃል፤ ለእውነተኛ ዳታ የሚሻለው ብሎኪንግ ኪው ነው። አቀባዩ ፑት ብሎ ያስገባል፣ ተቀባዩ ቴክ ብሎ ያወጣል፣ ወረፋው ባዶ ከሆነ ተቀባዩ ፕሮሰሰሩን ሳያባክን ይተኛል። የወረፋውን መጠን መወሰን አይርሱ፤ ወሰን የሌለው ወረፋ አቀባዩ ሲፈጥን ሜሞሪውን እስኪሞላ ድረስ ይከማቻል። ሥራ ማለቁን ለማሳወቅ አስቀድሞ የተስማሙበትን አንድ ልዩ ኦብጀክት መጨረሻ ላይ ማስገባት የተለመደ ነው።

ሁለት ትሬዶች አንድ ኦብጀክት ቢጋሩ ምን ይደርሳል?

የማይለወጥ ኦብጀክት ከሆነ ምንም። የሚለወጥ ከሆነ ግን ቆጣሪን በአንድ መጨመር የመሰለ ቀላል ነገር እንኳ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ድርጊቱ ማንበብ፣ መደመርና መልሶ መጻፍ የተባሉ ሦስት እርምጃዎች ስላሉት ነው። ሁለት ትሬዶች እኩል 41 አንብበው ሁለቱም 42 ከጻፉ አንዱ ቁጥር ጠፋ። ለቆጣሪ አቶሚክ ኢንቲጀር፣ ለማፕ ኮንከረንት ሃሽ ማፕ፣ በአንድነት መለወጥ ለሚገባቸው ብዙ ፊልዶች ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባው ሲንክሮናይዝድ ያገለግላሉ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራተኞች ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮግራም በትሬድ እንዲፈጥን ባደረግሁ ጊዜ ያጋጠመኝን ልጨምር። ሪፖርቱ ፈጠነ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የጥቂት ሠራተኞች የቅጥር ቀን ተሳስቶ ተገኘ፣ ፕሮግራሙን ደግሜ ሳስኬደው ደግሞ ስህተቱ በሌሎች ሰዎች ላይ ሆነ። ጥፋቱ በዳታው ውስጥ አልነበረም፦ ሁሉም ትሬዶች ሲምፕል ዴት ፎርማት የተባለውን አንድ የቀን ማንበቢያ ኦብጀክት ይጋሩ ነበር፣ እርሱም በውስጡ የሚለዋወጥ ካሌንደር ስላለው አንዱ ትሬድ የሌላውን ቀን ያነሣ ነበር። በጃቫ 8 የመጣው ዴት ታይም ፎርማተር የማይለወጥ ስለሆነ በእርሱ ተክቼው ችግሩ ተወገደ። ሳይለወጥ የሚኖር የሚመስል ረዳት ኦብጀክት ሁሉ ከመጋራቱ በፊት ሰነዱ መነበብ አለበት።

ከኮንስትራክተር ውስጥ ስታርት ብጠራ ምን ችግር አለው?

አዲሱ ትሬድ ገና ተሠርቶ ያላለቀን ኦብጀክት ሊያገኝ ይችላል። በተለይ ክላሱ ከተወረሰ የወላጁ ኮንስትራክተር የሚቀድም በመሆኑ፣ የልጁ ፊልዶች ሳይሞሉ ትሬዱ ይነሣና ባዶ ያነባል፤ የፋይናል ፊልዶች ዋስትናም የሚጸናው ኦብጀክቱ ተሠርቶ ሳያልቅ ወደ ሌላ ትሬድ ካልሾለከ ብቻ ነው። ስታርትን ለብቻው ሜተድ ይስጡት።

ትሬዱ ውስጥ የተነሣ ኤክሴፕሽን ለምን በትራይ ካች አይያዝም?

ትራይ ካች የሚጠብቀው የራሱን ትሬድ ስታክ ብቻ ነው። ስታርት ወዲያው ስለሚመለስ፣ ስህተቱ ሲነሣ ጠሪው ከትራዩ ወጥቶ ሄዷል። ትሬዱ የስህተቱን ዝርዝር አትሞ ይሞታል፣ ዋናው ትሬድ ግን ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል።

በኤግዚኪውተር ላይ ነገሩ ይብሳል። ሥራው በሰብሚት ከተሰጠ ኤክሴፕሽኑ በፊውቸሩ ውስጥ ይቀመጥና ጌት ሲጠራ ብቻ ኤግዚኪውሽን ኤክሴፕሽን ተብሎ ይወጣል፤ ጌት የሚጠራ ከሌለ አንድ መስመር እንኳ ሳይታተም ተቀብሮ ይቀራል። «ሥራው አልተሠራም፣ ስህተትም የለም» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የምመለከተው ይህንን ነው።

ሜን አልቆ ፕሮግራሙ ለምን አይዘጋም? ትሬድንስ በግድ ማስቆም ይቻላል?

ዲመን (ማለቁ የማይጠበቅ የጀርባ ትሬድ) ያልተባለ አንድ ትሬድ እንኳ በሕይወት እስካለ ጃቫ ቨርቹዋል ማሽን አይዘጋም። አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ሻትዳውን (ዝጋ) ያልተባለ ኤግዚኪውተር ነው፤ ከጃቫ 19 ጀምሮ ኤግዚኪውተር ሰርቪስ በትራይ ውስጥ ታውጆ ራሱን እንዲዘጋ ማድረግ ስለሚቻል ይህ ስህተት ቀንሷል።

በግድ ማስቆም አይቻልም ማለት ይቀላል። ስቶፕ የተባለው ሜተድ ኦብጀክቶችን በግማሽ ተለውጠው ስለሚተዋቸው በ1998 በወጣው ጃቫ 1.2 እንዳይሠራበት ተመከረ፤ ከጃቫ 20 ወዲህ ደግሞ ሲጠራ ኤክሴፕሽን ከማስነሣት በቀር የሚሠራው የለም። ያለው መንገድ ኢንተራፕት ሲሆን፣ እርሱም ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፦ ትሬዱ ራሱ ምልክቱን አይቶ ሥራውን አጣጥፎ መውጣት አለበት። ኢንተራፕትድ ኤክሴፕሽንን ይዞ ባዶ ካች ውስጥ መቅበር ያንን ጥያቄ መቅደድ ነው።

ስንት ትሬድ ልክፈት? በፑል ውስጥስ ትሬድ ሎካል ለምን ያስቸግራል?

ስሌት ለሚበዛበት ሥራ በፕሮሰሰሩ ኮሮች ቁጥር ልክ መክፈት ጥሩ መነሻ ነው። ኔትወርክና ዳታቤዝ እየጠበቀ ለሚውል ሥራ ከዚያ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የተለመደው ትሬድ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ በነባሪነት 1 ሜጋባይት ያህል የስታክ ቦታ ስለሚይዝ በአሥር ሺህ መቁጠር አይመከርም። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 21 ይዞት የመጣው ቨርቹዋል ትሬድ በጣም ቀላል ስለሆነ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መክፈት ይቻላል፤ ስሌትን ግን አያፈጥንም።

ትሬድ ሎካል ለየትሬዱ የግል ዋጋ የሚያስቀምጥ ስለሆነ፣ የገባውን ተጠቃሚ ማንነት በየሜተዱ ሳያስተላልፉ ለማቀበል ይመረጣል። በፑል ውስጥ ግን ትሬዱ አይሞትም፤ የአንዱን ጥያቄ ጨርሶ ሌላውን ያነሣል። ሪሙቭ ሳይጠራ ከቀረ ቀጥሎ የሚመጣው ተጠቃሚ የቀዳሚውን ማንነት ለብሶ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም የዝግታ ጉዳይ ሳይሆን የሌላ ሰው ዳታ የማሳየት ጉዳይ ነው። በትሬድ ሎካል የሚሠራ ሰው ሪሙቭን ፋይናሊ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። በ2025 በወጣው ጃቫ 25 መደበኛ የሆነው ስኮፕድ ቫልዩ ደግሞ ዋጋውን ለተወሰነ የኮድ ክፍል ብቻ አስሮ፣ ክፍሉ ሲያልቅ ራሱ ይፈታዋል።